ሦስት አፍ፣ አንድ ምስክር

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ሩቅ ነገር ነው፤ ከዋክብት ሲፈነዱና ሲጋጩ ዜናው እንዴት ወደ ምድር እንደሚደርስ። ይሁንና ስለ ሩቁ እንዳስብ ያስገደደኝ የቅርቡ ስለሆነ፣ ከቅርቡ፣ ከሰኮሩ ልጀምር።

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ እኔ በዚያች ከተማ ወጣት የፊዚክስ መምህር በነበርኩበት ጊዜ፣ በአካባቢው ያሉ ጥቂት ገበሬዎች ጀንፈላቸውን በአንድ መጋዘን አከማችተው ነበር። ቁልፉ የተሰጠው ሁሉም ለሚያምኑት ለአንድ አዛውንት ነጋዴ ነው። የቆጠራው ቀን ሲደርስ አራት ጆንያ ጎደለ። ሳምንት ሳይሞላ በየቡናው ስኒ ላይ የሚወራው አንድ ወሬ ሆነ፤ «በሌሊት በበቅሎ ጭኖ አወጣው» የሚል። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። «ማን ያውቃል?» ሲሉ ሦስት ሰዎች ተነስተው ተናገሩ። ሦስቱም የተከበሩ፣ ጀማዓ የማይቀሩ፣ ለሐሰት የማይጠረጠሩ ነበሩ። ሦስተኛው እኔ ነበርኩ።

አልዋሸሁም። ከማምነው ሰው የሰማሁትን፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ተናገርኩ። ሁለቱም እንዲሁ። ከመጋዘኑ ፊት ለፊት የሚያድር አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ግን ሌላ ነገር አለ። «ከዒሻ እስከ ሱብሂ ነቅቼ ነበር። በቅሎ በመንገዱ አልፋለች፤ የመጋዘኑ በር ግን አልተከፈተም። ያ የቆርቆሮ በር ሲከፈት ሰፈሩን ሁሉ ይቀሰቅሳል።» ከሽማግሌዎቹ አንዱ «አላየሁም፣ አልሰማሁም ማለት ምስክርነት አይሆንም» አሉት፤ እርሱም ዝም ብሎ ተቀመጠ። ነጋዴው የአራቱን ጆንያ ዋጋ ከፈለ። ከዚያ ወዲያ ከፊት ሶፍ ሲቆም አላየሁትም። በዓመቱም ቤተሰቡን ይዞ ወደ አጋሮ ሄደ።

በሁለተኛው ዓመት አራቱ ጆንያዎች ተገኙ። ከመጋዘኑ የወጡት በቀን፣ በሰው ፊት ነበር፤ የሚዛን ጸሐፊው በሌላ ገበሬ ስም መዝግቧቸው ኖሯል። ያን ጊዜ ወሬውን ወደ ኋላ እየተከተልን ብንሄድ ሦስታችንም የደረስንበት አንድ ልጅ ዘንድ ሆነ። ልጁ ደግሞ የሰማው የበቅሎ ኮቴ ብቻ ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ማንም ሳይዋሽ ሐሰት ከወዴት መጣ? ሦስት እውነተኛ ሰዎች ሲናገሩ ያላመነ ማንን ሊያምን ነው?

ለዚህ ጥያቄ ያገኘሁትን መልስ ያገኘሁት፣ ብትስቁብኝም፣ ከሰማይ ነው። በዘመናችን የሥነ ፈለክ ሊቃውንት የጀመሩት አንድ አዲስ አሠራር አለ። ጥንት የሰማይን ዜና የሚያመጣልን ብርሃን ብቻ ነበር። ዛሬ ግን አራት ዓይነት ነጋሪዎች አሉ፤ አንደኛው ብርሃን ነው፤ ከራዲዮ ሞገድ አንስቶ እስከ ጋማ ጨረር ያለውን ሁሉ ይጨምራል። ሁለተኛው ኮስሚክ ጨረር የሚባለው ከብርሃን ፍጥነት ጥቂት በሚያንስ ፍጥነት የሚበር የቁስ ቅንጣት ነው። ሦስተኛው ኒውትሪኖ፣ አራተኛው የስበት ሞገድ ነው። ሊቃውንቱ እነዚህን «መልእክተኞች» ይሏቸዋል። በእኛ ዘንድ ይህ ቃል ሌላ ክብር ስላለው እኔ «ምስክሮች» እላቸዋለሁ፤ ለጉዳዬም የሚስማማኝ ይኸው ነው።

እስቲ በዓይን ምስክር እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1006፣ ማለትም በ396 ዓመተ ሂጅራ፣ በደቡብ ሰማይ ላይ ከዚያ በፊት ያልነበረ ኮከብ በራ። ካይሮ ውስጥ ዐሊይ ኢብን ሪድዋን የሚባል የጊዛ ዳቦ ጋጋሪ ልጅ፣ ገና ትምህርቱን የጀመረ ወጣት፣ ይህን አይቶ በኋላ ታላቅ ሐኪም ሲሆን ጻፈው። መጠኑ ከዙህራ ኮከብ ከሁለት እጥፍ በላይ፣ ብርሃኑም ከጨረቃ ብርሃን ሩቡን ያህል እንደነበረ፣ ፀሐይና ፕላኔቶችም በዚያ ቀን የት የት እንደነበሩ ሳይቀር መዘገበ። በቻይናም፣ በጃፓንም፣ በየመንም፣ በስዊዘርላንድ ተራሮች ባለ ገዳምም ጻፉት። አንዱ የሌላውን ቋንቋ አያውቅም፤ አንዱ ስለሌላው መኖር እንኳ አልሰማም። ካይሮ ላይ ያ ኮከብ ከአድማሱ ከፍ የሚለው ጥቂት ነበር፤ በሰኮሩ ሰማይ ላይ ግን የዚያን እጥፍ ያህል ከፍ ብሎ ይታይ ነበር። ሌሊት ከብት የሚጠብቅ እረኛ ቀና ቢል ጥላውን መሬት ላይ ሊያይ ይችል ነበር ማለት ነው።

ያ የኮከብ ፍንዳታ ነበር፤ ከእኛ ሰባት ሺህ የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ1965 ቅሪቱ በራዲዮ ሞገድ ተለየ። በ1995 አስካ የተባለች የጃፓን ሳተላይት በራጅ ጨረር አይታው፣ የፍንዳታው ማዕበል ኤሌክትሮኖችን እጅግ ወደ ከፍተኛ ጉልበት እያስፈነጠረ እንደሆነ አሳየች። በ2010 ደግሞ በእኛው አህጉር፣ በናሚቢያ ደጋ ላይ የተተከሉት ሔስ የሚባሉት ቴሌስኮፖች ከዚያ ቅሪት የሚወጣውን ጋማ ጨረር ማግኘታቸው ታወቀ። ጋማ ጨረር ራሱ ምድር አይደርስም፤ ከአየሩ ጋር ሲጋጭ ከሴኮንድ ቢሊዮንኛ ጥቂቱን ብቻ የሚቆይ ደካማ ሰማያዊ ብልጭታ ይፈጥራል፤ መስተዋቶቹ የሚለቅሙት ያንን ነው። የጋጋሪው ልጅ ያየውን ከሺህ ዓመት በኋላ የአፍሪካ ምድር በሌላ ዓይን አየው።

ግን ልብ በሉ! የካይሮውና የቻይናው ሰው የተለያዩ ቢሆኑም የቆሙት በአንድ ምስክር ላይ ነው፤ በብርሃን። ብርሃን የሚነግረን የነገሩን ቆዳ ነው። የኮከቡ ልብ ውስጥ የሆነውን አያውቅም።

የልብን ነገር የሚያውቀው ኒውትሪኖ ነው። ኒውትሪኖ ከምንም ነገር ጋር ለመነካካት እጅግ የሚሰስት ቅንጣት ነው። የእኛ አካባቢ ሰው ለማስረዳት አንድ ነገር ይበቃዋል። የግልገል ግቤን ውኃ ወደ ኦሞ ለማሻገር 26 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ዋሻ በተራራ ሥር ተቆፍሯል፤ ጣቢያው እ.ኤ.አ. በጥር 2010 እስኪመረቅ ድረስ የፈጀው ዓመታትና የደረሰው መከራ በአካባቢው የሚታወቅ ነው። ኒውትሪኖ ያን ተራራ ያለ ዋሻ፣ ከሴኮንድ አሥር ሺህኛ ባነሰ ጊዜ፣ ተራራ መኖሩን ሳያውቅ ያልፈዋል።

እ.ኤ.አ. የካቲት 23 ቀን 1987፣ በእኛ የካቲት 16 ቀን 1979፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ሲያልፍ፣ 168 ሺህ የብርሃን ዓመት ከሚርቅ ስፍራ የተነሳ የኒውትሪኖ ጎርፍ በምድር ላይ አለፈ። በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ በአሥር ቢሊዮን የሚቆጠር ነው ያለፈው። ሰኮሩ ገበያ ላይ ቆሞ ይገበያይ የነበረ ሰው ሁሉ፣ ሻጩም ገዢውም፣ በገላው አልፏል፤ ማንም አልነቃም። ከዚያ ሁሉ በጃፓን ካሚዮካንዴ 11፣ በአሜሪካ አይኤምቢ 8፣ በካውካሰስ ተራሮች ባክሳን 5፣ በድምሩ 24 ብቻ ተያዙ። የኮከቡ ብርሃን የታየው ከሰዓታት በኋላ ነው። ሦስቱ ጣቢያዎች በሦስት አገር፣ በሦስት መንግሥት ሥር፣ ሁለቱ በውኃ ገንዳ አንዱ በዘይት መሰል ፈሳሽ የሚሠሩ ነበሩ። ያም ሆኖ የተናገሩት ስለ አንድ አሥራ ጥቂት ሴኮንድ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እጅግ የምወዳት አንዲት ነገር አለች። በአልፕስ፣ በሞንት ብላንክ ተራራ ሥር የነበረ አራተኛ ጣቢያ «እኔም አምስት ይዣለሁ» አለ፤ ነገር ግን የያዛቸው ከሌሎቹ ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ ቀድሞ ነው። በዚያ ሰዓት ሌሎቹ ይህን የሚደግፍ ነገር አላገኙም። ሊቃውንቱ ምን አደረጉ? አብዛኞቹ ወደ ጎን አስቀመጡት። ዋሸ አላሉትም፤ አመንንህም አላሉትም። የእኛ የሐዲሥ ዑለሞች ዶዒፍ ሐዲሥን ከመውዱዕ የለዩት እንዲሁ አይደለምን? ደካማ ማለት ሌላ፣ የተፈበረከ ማለት ሌላ። በእኛ ወሬ ዓለም ግን መካከል የለም፤ የሰማነውን ወይ እንውጠዋለን፣ ወይ ተናጋሪውን ውሸታም እንለዋለን።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ነሐሴ 11 ቀን 2009 (እ.ኤ.አ. ነሐሴ 17፣ 2017)፣ ሐሙስ ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ከ41 ደቂቃ፣ ዐስር ሲቃረብ፣ አንድ የስበት ሞገድ በምድር አለፈ። የስበት ሞገድ ማለት የጠፈሩ የራሱ መንቀጥቀጥ ነው፤ ሲያልፍ ርቀትን ሁሉ በጥቂቱ ያስረዝማል፣ ያሳጥራል። ይህን የሚለኩ ሁለት መሣሪያዎች በአሜሪካ ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ተራርቀው ቆመዋል፤ እያንዳንዳቸው አራት አራት ኪሎ ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ክንዶች አሏቸው። ሦስተኛው ቪርጎ የሚባለው በጣሊያን በፒሳ አጠገብ ነው። አንዱ አሜሪካዊ መሣሪያ በደንብ ሰማ። ሁለተኛው ሰማ፤ ነገር ግን ልክ ነገሩ ሊያበቃ ሴኮንድ ሲቀረው የራሱ ጫጫታ ገባበትና፣ እንደሚያስል ምስክር፣ ቃሉ መጀመሪያ ሳይቆጠርለት ቀረ፤ በኋላ ጫጫታው ተለይቶ ወጣለት። ከ1.7 ሴኮንድ በኋላ ደግሞ በሰማይ የምትዞረው ፌርሚ ሳተላይት የጋማ ጨረር ብልጭታ አየች። ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ተጋጭተው ነበር። ከ130 ሚሊዮን ዓመት ጉዞ በኋላ ሁለቱ ምስክሮች የደረሱት በ1.7 ሴኮንድ ልዩነት ነው!

ጣሊያናዊው ቪርጎስ? እርሱ ዝም አለ። ቁጥር ውስጥ የሚገባ ድምፅ አልሰማም።

እዚህ ላይ ያንን የቆርቆሮ በር አስታወስኩ፤ ገላዬን ቅዝቃዜ ወረረው። ሊቃውንቱ «አልሰማሁም ማለት ምስክርነት አይሆንም» አላሉም። ይልቅ እንዲህ ሲሉ አሰቡ፤ ቪርጎ ከሦስት ቀን በፊት፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 14፣ ከሌሎቹ ጋር አንድ ሌላ ሞገድ ሰምቶ ነበር፤ ስለዚህ ደንቆሮ አይደለም። በዚያች ሰዓትም ነቅቶ ነበር። እንግዲያው ነቅቶ ያልሰማው፣ ሞገዱ የመጣው እርሱ መስማት ከማይችልበት አቅጣጫ ቢሆን ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ የማይሰማበት አቅጣጫ አለውና። በዚህ የተነሳ የፍለጋው ሰማይ እጅግ ጠበበ፤ ወደ 28 ካሬ ዲግሪ ወረደ። አሥራ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ በቺሊ ስዎፕ የተባለ ቴሌስኮፕ ኤንጂሲ 4993 በተባለ ጋላክሲ ጥግ አዲሱን ብርሃን አገኘው። ሰባ ያህል ቴሌስኮፖችና ሳተላይቶች ተከትለው ተመለከቱት። በሴቶቻችን ጣት ላይ ያለው ወርቅ ከወዴት እንደመጣ ለሚለው ጥያቄ ታላቅ መልስ የተገኘው ከዚያ ብርሃን ነው፤ እንዲህ ያሉ ግጭቶች ከባድ ብረቶችን እንደሚፈጥሩ ታየ። ይህ ሁሉ የተገኘው በከፊል ዝም ባለ ምስክር ነው።

የሰኮሩ ዘበኛም ዝም ያለ ምስክር ነበር፤ በዝምታው ውስጥ ያለውን ለመስማት የሚያስፈልገው ሁለት ነገር መጠየቅ ብቻ ነው። ነቅተህ ነበርን? በሩ ቢከፈት ኖሮ ትሰማ ነበርን? ሁለቱንም ሳንጠየቅ ነግሮናል። እኛ ግን «አየሁ» የሚለውን ሰው ብቻ ስንቆጥር «አየሁ» ያለ አንድም ሰው እንዳልነበረ እንኳ አላስተዋልንም።

አንዳንድ አንባቢ «ይህ ሁሉ ምስክር ማብዛት ነው፤ ቁጥር ይበቃል ማለትህ ነውን?» ሊለኝ ይችላል። አይደለም። እኛ ሦስት ነበርን፤ ግን አንድ ምስክር በሦስት አፍ ሲናገር ነው የነበረው። ይህን ሐዲሥ የተማሩ ሰዎች ከማንም በፊት ያውቁታል። ኢማም ቡኻሪ ስብስባቸውን የጀመሩበት የኒያ ሐዲሥ ከየሕያ ኢብን ሰዒድ በኋላ እጅግ ብዙ ሰዎች አስተላልፈውታል፤ ሰነዱን ወደ ላይ ስትከተሉት ግን ከየሕያ ወደ ሙሐመድ ኢብን ኢብራሂም፣ ከእርሱ ወደ ዐልቀማ፣ ከእርሱ ወደ ዑመር (ረ.ዐ.) አንድ ለአንድ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ዑለሞቹ ሙተዋቲር ብለው አልቆጠሩትም። ሶሒሕ ነው ያሉት በሰዎቹ ታማኝነትና ጥንቃቄ ላይ ተመሥርተው ነው። ለብዛት የብዛትን፣ ለታማኝነት የታማኝነትን ዋጋ ሰጡ፤ አንዱን በሌላው ስም አልሸጡም። የእኛ ስሕተት የአንድን ልጅ ኮቴ መስማት በሦስት ትልልቅ ሰዎች ክብር ሸፍነን እንደ ሙተዋቲር መቁጠራችን ነው።

በነገራችን ላይ ደግሞ፣ ከእኛ መካከል አዲስ ግኝት በተሰማ ቁጥር «ይህ ድሮም በኪታባችን አለ» ለማለት የሚቸኩሉ አሉ። አልወደውም። ቪርጎን የሠሩ ሰዎች የደከሙበትን ዓመታት በአንድ ዐረፍተ ነገር መውሰድ ነው። ቁርኣን በሱረቱል ሑጅራት ዜና ሲመጣ ሳናጣራ ባለማወቅ በሰዎች ላይ ጉዳት እንዳናደርስ አዝዞናል፤ እነዚያ ሰዎች ስለ ኮከብ ያደረጉትን ማጣራት እኛ ስለ ጎረቤታችን ካላደረግን፣ በኪታቡ መኩራታችን ምን ሊጠቅመን ነው?

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ግን ይቀራል፤ እኔንም ለረጅም ጊዜ አስቸግሮኛል። በዚያ ሐሙስ ቀን ሊቃውንቱ እስኪያረጋግጡ አልጠበቁም። በአርባ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ለመላው ዓለም ተመልካቾች አስታወቁ። ታዲያ ያልተጣራ ዜና ማሰራጨት አይደለምን? እነርሱስ እንደ እኛ አልሆኑምን?

መልሱ የተናገሩት ቃል ውስጥ ያለ ይመስለኛል። «ይህ ሆኗል፣ እመኑ» አላሉም። «በዚህ ሰዓት፣ በዚህ መሣሪያ፣ ይህን ሰምተናል፤ ሄዳችሁ ራሳችሁ እዩ» አሉ። ከማን እንደተሰማና በምን ያህል እርግጠኝነት እንደሆነ አብሮ ይላካል። ወሬ ግን መንገዱን እየደመሰሰ ነው የሚሄደው። ልጁ «ኮቴ ሰማሁ» አለ፤ የሰማው «በቅሎ ነበረች አሉ» አለ፤ እኔ ዘንድ ሲደርስ «ጭኖ አወጣው» ሆኖ ነበር። በእያንዳንዱ እጅ ላይ ምንጩ እየጠፋ እርግጠኝነቱ ግን ይጨምር ነበር። ያ ልጅ በሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ ኮቴ መስማቱን ብቻ ቢናገር ኖሮ አንድም ሰው ባልተጎዳ። የሰሙትን ሁሉ ማውራት በራሱ ከሐሰት እንደሚቆጠር ከነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የተላለፈውን ሁላችንም እናውቃለን፤ እኔም ያኔ አውቀው ነበር። ይሁን እንጂ ስናገር ሐሰት የሚለው ነገር በሐሳቤም አልመጣ፤ እውነተኛ ምስክር ነኝ ብዬ ነበር የተነሳሁት።

የጆንያዎቹ ነገር በታወቀ ጊዜ ገንዘቡ ተመልሶለታል። ወደ አጋሮ የሄዱት ሽማግሌዎች ናቸው፤ እኔ አብሬ አልሄድኩም፤ አፍሬ ነበር። የሄድኩት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የዚያን የ2009ኙን ዓመት ዜና ካነበብኩ በኋላ ነው። እርጅና ተጫጭኖት፣ በቤቱ ደጃፍ ከጓሮው የለቀመውን ቡና በሰፌድ ሲያበጥር አገኘሁት። ማን እንደሆንኩ ስነግረው «ግባ» አለኝ። ዐፍው ጠየቅሁት። «አንተ እኮ ልጅ ነበርክ» አለ፤ ይህ ዐፍው ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም። ሰፌዱን አስቀምጦ ቡና እንዲፈላ ለልጁ ተናገረ።

ስለ ዘበኛው የነገርኩት ያን ጊዜ ነው። እርሱ በሽማግሌዎቹ ፊት ቃሉን ሰጥቶ ከወጣ በኋላ የተባለውን አልሰማም ነበርና፣ በዚያ ጉባኤ አንድ ሰው ስለ እርሱ መመስከሩን አላወቀም።

«በሩ አልተከፈተም አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አዎ፤ ከዒሻ እስከ ሱብሂ ነቅቼ ነበር ብሎ ተናገረ።»

ረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «አለ? በሕይወት አለ?» አለኝ።

መሞቱን ነገርኩት። መቼ እንደሞተ፣ የት እንደተቀበረ፣ ልጆች እንዳሉት ጠየቀኝ። የማውቀውን ነገርኩት፤ የማላውቀውን አላውቅም አልኩት። ቡናው ሁለተኛውን ሲፈላ ዐስር ደረሰ፤ ተነስተን ውዱእ አደረግን።